ለእናቴ ምድጃ የጭስ ማውጫ ቱቦ፦ የትኛው ይሻላል?

የደላንታ ልጅ (ዴንቨር)

ሰላም ለሁላችሁ፤ እንዴት ከረማችሁ? እናቴ የምትኖረው ከወገል ጤና ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ቤቷ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭድ ጭቃ የተሠራ ግድግዳ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተወጠረ ኮርኒስ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቤቱን እንዲያሞቅላት፣ ወጥና ቡናም እንድትሠራበት ብሎ ወንድሜ ደሴ ካለ በያጅ በር ያለው የብረት ምድጃ አሠርቶላታል። ምድጃው ቤት ደርሷል፤ የጎደለው ቱቦው ብቻ ነው። ወንድሜ ለጣሪያ ውኃ መውረጃ ከሚሆነው ስስ ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ ይጠቅለል ይላል፤ ርካሽ ነው፣ አይዝግም ባይ ነው። በያጁ ጥቁር ላሜራ ይሁን ብሏል። እኔ ደግሞ እዚህ የሚሸጠውን ባለ ሁለት ግድግዳ የማይዝግ ቱቦ በሻንጣ ለመላክ አስቤያለሁ፤ አንድ ሜትር የማይሞላው ቁራጭ 23 ኪሎ በሚፈቀድ ሻንጣ ይገባል። የምድጃው አፍ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ነው። የትኛውን ልምረጥ? ቱቦውስ በጣሪያ ይውጣ ወይስ በግድግዳ? ገንዘቡን በመጪው ሳምንት እንድልክ ተጠይቄአለሁና ምክራችሁን አትንፈጉኝ።

የኩታበር ልጅ (ቶሮንቶ)

ወንድሜ፣ መተዳደሪያዬ የማሞቂያ ተከላ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስልህ። ጋልቫናይዝዱን ተወው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ሽፋን ለረጅም ጊዜ ሊቋቋም የሚችለው እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያለውን ሙቀት ነው፤ 419 ዲግሪ ላይ ደግሞ ይቀልጣል። እሳቱ በርትቶ ሲነድ ከምድጃው አፍ የሚወጣው ጋዝ 200 ዲግሪን በብዙ ይበልጣል። ሽፋኑ ይላጣል፣ ከመጠን በላይ ሲግልም የሚተነው ዚንክ ሳንባን ይጎዳል፣ ከሥር የሚቀረው ስስ ብረትም ቶሎ ይበሳል።

በያጁ ልክ ነው። ጥቁር ላሜራ እዚህ በሰሜን አሜሪካ ለ15 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ቢያንስ 0.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይጠየቅበታል፤ ደሴ ላይ 1.5 ሚሊ ቢያገኝ ዕድሜው ይረዝማል፣ ክብደቱም በሜትር 5.5 ኪሎ ያህል ስለሆነ ጣሪያው ይሸከመዋል። የቱቦው ስፋት ከምድጃው አፍ እንዳይጠብብ አደራ። ሲገጣጠም የላይኛው ቱቦ ጫፍ በታችኛው ውስጥ መግባት አለበት፤ የውኃ መውረጃም የሚገጠመው እንዲሁ ነው። አለበለዚያ በቱቦው ውስጥ የሚወርደው ጥቁር ዝፍት በመጋጠሚያው እየወጣ ግድግዳውን ያጨቀያል። እያንዳንዱ መጋጠሚያም በሦስት ብሎን ይታሰር።

ቁመቱ ከምድጃው እስከ ጫፉ ከ4.5 ሜትር እንዳያንስ፤ ደላንታን በመሰለ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ጭሱን ወደ ላይ የሚስበው ኃይል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ትንሽ ቢጨመር መልካም ነው። ጫፉ ከጣሪያው ከወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ዋናው ጉዳይ ኮርኒሱ ነው። ነጠላው ላሜራ ሊቃጠል ከሚችል ነገር ሁሉ 45 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ በኮርኒስ ውስጥ ፈጽሞ ማለፍ የለበትም። የማዳበሪያ ከረጢት ፕላስቲክ መሆኑን አትርሳ።

የለጋምቦ ልጅ (ጂዳ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ፣ እናትህ የሚያነዱት እንጨት ነው ወይስ ኩበት? የኛ አገር እንጨቱ ጠፍቶ ብዙ ቤት ኩበት ያነዳል፤ ኩበት አመዱ ብዙ ነው፣ ጥቀርሻውም ይበረታል፣ ቱቦ ቶሎ የሚደፍነውም እርሱ ነው። እኔ እዚህ ዓመቱን ሙሉ የማቀዝቀዣ ድምፅ እየሰማሁ ስኖር የአቀስታ ብርድ ይናፍቀኛል፤ እናቴ ግን በዚያ ብርድ ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጣ ዓይኗ ሲያለቅስ አስባለሁ።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል። ለቱቦና ለመስኮት ብዬ የላክሁት ገንዘብ ለዘመድ ሠርግ ውሎ፣ እናቴ ዛሬም በጭስ ውስጥ አለች። ላሜራው የሚገዛበትን ቀን ጠይቀህ፣ ለሻጩና ለበያጁ በስማቸው በባንክ ብትከፍል ይሻላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚገባ ብረት በብር ሲተመን ዋጋው አንድ ቦታ አይረጋም፤ ዛሬ የተነገረህ ዋጋ በሳምንቱ ላይገኝ ይችላልና ትርፍ አስበህ ላክ።

የሐይቅ ልጅ (ስቶክሆልም)

እህታችን ያነሳችው የኩበት ጉዳይ ተገቢ ነው። እዚህ ስዊድን የጭስ ማውጫ ጠረጋ በሕግ የማዘጋጃ ቤት ኃላፊነት ነው፤ ባለሙያው በየጊዜው እየመጣ ይጠርጋል፣ የእሳት አደጋ መከላከያ ምርመራም ያደርጋል። ደላንታ ላይ ያ ሰው የለም፤ ስለዚህ ቱቦው ከመሠራቱ በፊት ማን፣ በምን፣ በየት በኩል እንደሚጠርገው ይወሰን። ቱቦው በሚታጠፍበት ቦታ ተከፋች ክዳን ያለው ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ ይደረግ። ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መጠረግ አለበት፤ የተጠራቀመው ዝፍት አንድ ቀን እሳት ከያዘ የቱቦው ውስጥ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል። ባሕር ዛፉም ተፈልጦ ቢያንስ ስድስት ወር ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ጭሱን ስለሚያቀዘቅዘው ዝፍቱ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይረጋል።

መውጫውን በተመለከተ እኔ ግድግዳውን እመርጣለሁ። ኮርኒሱም ሆነ ቆርቆሮው ሳይነካ በጎን ይወጣል፣ ዝናብም አያፈስም።

የኩታበር ልጅ (ቶሮንቶ)

አባታችን፣ በአክብሮት አልስማማም። የጭቃ ግድግዳ ከላይ ሲታይ የማይቃጠል ይመስላል፤ በውስጡ ግን የባሕር ዛፍ ማገርና ጭድ አለ። ለዓመታት በሙቀት የከሰለ እንጨት ከአዲሱ በዝቅተኛ ሙቀት እሳት ሊይዝ ይችላል፤ እሳቱም ጭቃው ውስጥ ተደብቆ ስለሚጨስ ማንም ሳያየው ይቆያል። ቤቱ በደጋው እንደሚታየው የድንጋይ ቤት ቢሆን ኖሮ የእርስዎን ሐሳብ በደስታ በተቀበልሁ ነበር። ከዚያም በላይ ደጅ የወጣ ነጠላ ቱቦ በውርጭ ይቀዘቅዛል፤ ዝፍት የሚያበዛውም ይኸው ነው። ቀጥ ብሎ የወጣ ቱቦ ጭስን አጥብቆ ይስባል፣ ለጠረጋም ይቀላል።

የዋድላ ሰው (አትላንታ)

ልጆቼ፣ የምትሉትን ሁሉ አነበብሁ። እናንተ ጭስን ጠላት ብቻ አድርጋችሁታል። አባቶቻችን ጎጆውን ያቆዩት በጭስ ነው፤ የሣር ክዳኑን ከምስጥ፣ በጣሪያው ሥር የተሰቀለውን የዘር እህል ከነቀዝ የጠበቀው እርሱ ነው። የወተት ዕቃውም በወይራ ይታጠናል። ለእናትየው በቁመቷ የማትደርስበት ቱቦ ከመግጠም፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቤት ተከራይቶ በኤሌክትሪክ እንድትሠራ ማድረግ አይሻልም?

የለጋምቦ ልጅ (ጂዳ)

ጋሼ፣ የወይራው ጢስ ለዕቃ ነው፤ በቀን ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይታጠናል እንጂ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አይተነፍሰውም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት በ2020 እንደ ፈረንጆቹ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ገምቷል፤ ምድጃ ሥር የምትውለው ደግሞ ሴቷ ናት። የእኚህ እናት ቤት ቆርቆሮ ስለሆነ በጭስ የሚጠበቅ ሣር የለውም። እናት ከጎረቤቷና ከቀብር ቦታዋ ተነቅላ ደሴ እንድትገባ መምከርም ቀላል አይደለም።

የደላንታ ልጅ (ዴንቨር)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቴ ሁለቱንም ታነዳለች፤ በበጋ ኩበት ይበዛል። ደሴ እንድትገባ ጠይቀናት ነበር፣ አልፈቀደችም፤ ኤሌክትሪኩም ሲጠፋ የሚያሞቃት ነገር አይኖርም። ወንድሜን ደውዬ አነጋገርሁት፤ ጥቁሩን ላሜራ በ1.5 ሚሊ እንዲያደርግ ተስማምቷል። የቀረኝ ኮርኒሱ ነው። ከዚህ አንድ ባለ ሁለት ግድግዳ ቁራጭ ልኬ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ብቻ ቢገባ አይበቃም?

የኩታበር ልጅ (ቶሮንቶ)

ቁራጩ ብቻውን አይበቃም። ፋብሪካ የሚሠራው ቱቦ የሚመረመረው ከነድጋፉ፣ ከነመጋጠሚያውና ከነክዳኑ ነው። ዩኤል 103 ኤችቲ የተባለውን የአሜሪካ የጭስ ማውጫ ደኅንነት ፈተና አልፏል ሲባል 2100 ፋራናይት፣ ማለትም 1150 ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ችሏል ማለት ነው፤ ይህ የሚሠራው ግን የአንዱ ፋብሪካ ክፍሎች በመመሪያው መሠረት ሲገጠሙ ነው። ከላዩ የበያጅ ላሜራ ከተቀጠለበት ዋስትናው ይቀራል። ከኮርኒሱ እስከ ጫፉ ያለውን ሙሉውን መላክ ካልቻልህ፣ ኮርኒሱን በቱቦው ዙሪያ 45 ሴንቲ ሜትር ቆርጠህ አስነሣው፤ ክፍተቱንም በላሜራ ዝጋው። ጣሪያውም ላይ ማገሩ በዚያው ልክ ይራቅ።

የሐይቅ ልጅ (ስቶክሆልም)

ያን ያህል ማገር ከተቆረጠ ቆርቆሮው በምን ይቆማል? በ15 ሴንቲው ላይ 25 ሴንቲ የሆነ ሁለተኛ ላሜራ ተደርቦ መካከሉ በደረቅ ፑሚስ (ቀዳዳ በበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ይሞላ። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ የሚሠራውም ከሲሚንቶና ከፑሚስ ነውና ቁሱ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም።

የኩታበር ልጅ (ቶሮንቶ)

አባታችን፣ ፑሚሱ ሙቀትን እንደሚያዘገይ አልክድም። ሆኖም በምርመራ ያልተረጋገጠ ድርብ ቱቦ እንደ ነጠላ ይቆጠራል፤ ተደርቦም ቢሆን 45 ሴንቲው አይቀነስም። ማገሩ ከተቆረጠ በዙሪያው በብረት አንግል ፍሬም ይደገፋል፤ ይህን በያጁ ራሱ ይሠራዋል።

ለወንድማችን ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የምለው፣ በሻንጣህ ቦታ ካለህ የቱቦ ቁራጭ ሳይሆን በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ላክ። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ቱቦው ቢደፈን ወይም ፍሙ ሳይጠፋ በሩ ተዘግቶ ቢታደር እናትህን የሚቀሰቅሳት እርሱ ብቻ ነው።

የሐይቅ ልጅ (ስቶክሆልም)

በማንቂያው እስማማለሁ። በማገሩ ግን አልተስማማሁም፤ በክረምት የደላንታ ነፋስ እንዴት ያለ መሆኑን አውቃለሁና የቤቱ ጣሪያ በአንግል ብቻ ይያዛል ብዬ አላምንም። ማገሩ በየስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ተመታ ወንድሙ ለክቶ ይላክልንና እንነጋገርበት።

የደላንታ ልጅ (ዴንቨር)

ነገ የገበያ ቀን ስለሆነ ወንድሜ ወደ እናቴ የሚወጣው ከነገ ወዲያ ነው። ልኩን ከነፎቶው እጠይቀዋለሁ። እስከዚያው የላሜራውንና የበያጁን ብቻ እከፍላለሁ፤ ጣሪያው እስክትስማሙ አይቀደድም።