ሜካትሮኒክስ ሞጁል ስታዘጋጁ ከምን ትጀምራላችሁ?

ቦርከና ዳር፦
ሰላም ቤቶች። ኮምቦልቻ የሜካትሮኒክስ (መካኒክ፣ ኤሌክትሪክና ኮምፒውተር የተጣመሩበት ሙያ) አሰልጣኝ ነኝ። ሞጁሉን እንደ አዲስ እየጻፍኩ ነው። የድሮው «ሴንሰር ማለት...» ብሎ ይጀምርና አርባ ገጽ ትርጉም ይደረድራል። ልጆቹም እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

አምና ለትብብር ሥልጠና ፋብሪካ ይዣቸው ሄድኩ። አንድ በአየር ግፊት የሚሠራ ሲሊንደር አልንቀሳቀስ አለ። አንዱ ፒኤልሲውን (ማሽኑን የሚያዘውን ትንሽ ኮምፒውተር) ልፈትሽ ይላል፣ ሌላው ፕሮግራሙን። ሻይ ሊጠጣ የወጣው ኦፕሬተር ተመልሶ መጣና የአየሩን ግፊት መለኪያ ጌጅ አየ። 6 ባር መሆን ሲገባው ዜሮ! የተዘጋውን ቫልቭ ከፍቶ ሄደ። አፈርኩ። እኔም የጠረጠርኩት ፕሮግራሙን ነበራ።

ያለን ፒኤልሲ 1፣ ልጆቹ 28። ከምን ልጀምር?

የሌሊት ፈረቃ፦
ወንድሜ፣ ከብልሽት ጀምር። የእኔን ውሰድ። ጥገና ክፍል ነኝ፤ የጠርሙስ መስመር ላይ የተቃጠለ ሴንሰር (ዕቃ ሲደርስ አውቆ ሲግናል የሚልክ መሣሪያ) ቀየርኩ። መልኩ አንድ፣ ሽቦው አንድ፦ ቡኒው 24 ቮልት፣ ሰማያዊው ዜሮ፣ ጥቁሩ ሲግናል። የሴንሰሩ መብራት ይበራል፣ የፒኤልሲው ኢንፑት (ሲግናል መቀበያው) መብራት ግን ጭጭ። እስኪነጋ ታገልኩ። ለካ ሴንሰር ሁለት ዓይነት ነው፤ የወጣው ፒኤንፒ፣ የገባው ኤንፒኤን ነው። ፒኤንፒ 24 ቮልቱን ወደ ፒኤልሲው ይልካል፤ ኤንፒኤን ወደ ዜሮ ይስባል። የእኛ ኢንፑት የሚጠብቀው 24ቱን ነበር። ይቺን በአንድ ገጽ ጻፋት፣ የሁለቱን መብራቶች፣ የሴንሰሩንና የኢንፑቱን፣ ፎቶ ለጥፍባት።

ከሐረጎ በላይ፦
ደሴ ነኝ፣ ከተመረቅኩ 2 ዓመቴ። 28 ሰው አንድ ፒኤልሲ ሲከብ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው፣ ደርሶብኛል። በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ) ጀምሩ ጋሼ። ማስነሻ በተን፣ ማቆሚያ በተን፣ አንድ ሪሌይ፣ አንድ ጣውላ። በተኑ ሲለቀቅም ሪሌዩ ራሱን ይዞ እንዲቆይ ያያይዙት። ይህን በእጁ የሠራ ልጅ ላደር ፕሮግራም (የፒኤልሲ ፕሮግራም የሚጻፍበት መንገድ) አይከብደውም፣ አስተሳሰቡ ያው ነው። ከዚያ መብራት ያጥፉባቸው (እኛ ጋ ራሱም ይጠፋል)። መብራቱ ሲመለስ ሪሌዩ ያስነሳው ሞተር ለምን በራሱ እንዳልተነሳ ይጠይቋቸው። ሪሌዩ ለቋላ! ባይለቅ ኖሮ ማሽኑ ውስጥ እጁን የከተተ ሰው ምን እንደሚሆን ያኔ ይገባቸዋል።

የሌሊት ፈረቃ፦
እሷ ልክ ናት። ስለ አየሩም ጻፍ፦ መብራት ጠፋ ማለት ግፊቱ ወጣ ማለት አይደለም። ሳያስተነፍሱ ቱቦ እንዳይነቅሉ።

ቦርከና ዳር፦
የመብራቱ ነገር ተመችቶኛል። ሰኞ ራሴ ነኝ የማጠፋው። ትርጉሙን ወደ ኋላ ገፍቼ ሞጁሉን በዚያ ጌጅ እጀምራለሁ፣ ማፈሬንም ጨምሬ። የሌሊት ፈረቃ፣ ፎቶዎቹን ላክልኝ። የፋብሪካው ስም እንዳይታይ ብቻ።