የሚሟሟ ብሎን ይግባ ወይስ ብረቱ ይበቃናል?

አስተባባሪው፦ ሰላም የአባዶ ሰዎች። እሁድ እድር ላይ የተጀመረው ክርክር እዚህ ይቀጥል ስለተባለ ላስቀምጠው። የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል፤ ብረት ሊገባለት ነው። ውጭ ያለው አጎቱ ደግሞ "ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ ብሎን አለ፤ ገዝቼ በሰው ልላክ" ብሏል። ከዚያ ወሬው ሰፋ። እንዲህ ያለው ብሎን አደጋ የለውም ወይ? ከሌለውስ የመንግሥት ሆስፒታሎች ለምን አይገዙትም?

ባለ ባጃጁ፦ ይግዙ እንጂ! እኔ ቅልጥሜ ውስጥ ብረት ይዤ ነው የምነዳው። ክረምት ሲገባ ይቆረጥመኛል። ይውጣልኝ ስል ሌላ ኦፕሬሽን፣ ሌላ ወጪ፣ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ። ሟሙቶ የሚጠፋ ካለ ምን ያከራክራል?

እማማ፦ ፕላስቲክ ነው አሉ። የልጅ አጥንት ውስጥ ፕላስቲክ? ሟሙቶስ የት ሊሄድ ነው? ኩላሊት ላይ ቢጠራቀምስ?

የላብ ልጅ፦ እማማ፣ ስሙ አያስደንግጥዎ። ብዙዎቹ የሚሠሩት ፖሊላክቲክ አሲድ ከሚባል ነገር ነው። የሰውነት ውሃ ቀስ በቀስ ይቆራርጠውና ላክቲክ አሲድ ይሆናል። ይህን አሲድ ስንሮጥ ጡንቻችን ራሱ ያመርተዋል። ሰውነት ያቃጥለውና መጨረሻ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሆኖ ይወጣል። ወሊድ ላይ የሚሰፋበት የሚሟሟ ክርም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ኮምፖዚት የሚባለው ደግሞ ፕላስቲኩ ውስጥ የአጥንትን ማዕድን የሚመስል ሃይድሮክሲአፓታይት ወይም ትራይካልሲየም ፎስፌት ሲደባለቅበት ነው። አጥንት በቀላሉ ይይዘዋል። አሲዱንም ያለዝበዋል።

ሲስተር፦ ያልከው ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። እኔ ኦፕሬሽን ክፍል ነው የምሠራው። ክር ቀጭን ነው፣ የሚለቀው አሲድ ወዲያው ይታጠባል። ብሎን ወፍራም ነው። አሲዱ መሀሉ ላይ ይጠራቀምና ውስጡ ከላዩ ቀድሞ ይፈርሳል። ከዚያ ስብርባሪው ባንዴ ይወጣል።

ይህ ግምት አይደለም። ሄልሲንኪ ላይ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ስብራትን በሚሟሟ ዘንግና ብሎን ሲያስሩ ኖረዋል። በ2000 ያወጡት ግምገማ 2,528 ታካሚዎችን ያየ ነው። 108ቱ ላይ ቦታው ተቆጥቶ አብጧል፣ አንዳንዱም ፈሳሽ አውጥቷል። ባክቴሪያ አይደለም፤ ሰውነት ስብርባሪውን ሲያጸዳ የሚመጣ መቆጣት ነው። ከ108ቱ 107ቱ ቶሎ የሚፈርሰው ሌላው ዓይነት ፕላስቲክ፣ ፖሊግላይኮሊክ አሲድ፣ የገባላቸው ናቸው። ፖሊላክቲክ ከገባላቸው 491 ሰዎች ግን አንድ ብቻ።

ባለ ባጃጁ፦ ታዲያ ሲስተር፣ 108 ከ2,528 ምን አላት? የጣፎን አስፋልት መሻገር ይብሳል።

ሲስተር፦ ቁጥሩን ተወው፣ ጊዜውን እይ። የፖሊግላይኮሊኩ እብጠት የመጣው በአማካይ 11ኛው ሳምንት ላይ ነው። የፖሊላክቲኳ አንዲት ታሪክ ደግሞ ከ4 ዓመት በኋላ። እስቲ ንገረኝ፣ ከለገዳዲ ወይ ከሰንዳፋ መጥቶ የታከመ ልጅ 11ኛው ሳምንት ላይ የት ነው? ጄሶው ተፈቷል፣ ኳስ ሜዳ ነው። እግሩ ሲያብጥ የሚወሰደው ሰፈር ክሊኒክ ነው። "ኢንፌክሽን ነው" ይባላል፣ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። አልሻል ሲል ሌላ አንቲባዮቲክ። ወይም ወጌሻ ጋ ሄዶ ይታሻል። ማዕድን ያልተደባለቀበት ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲኩ ብቻውን፣ ራጅ ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ቁሱ መርዝ ነው አላልኩም። የሚፈርስበት ቀን ሲደርስ ታካሚው በማን እጅ ላይ ነው? እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ጋሼ፦ እኔ የድሮ መካኒክ ነኝ። ጥንካሬውስ? ብሎን ተብሎ ሸክም ካልቻለ ምን ዋጋ አለው?

የላብ ልጅ፦ ጋሼ፣ የጠንካራው አጥንት ግትርነት በመለኪያው፣ በጊጋፓስካል፣ ከ10 እስከ 20 ገደማ ነው። ስቲል 200 አካባቢ፣ ፖሊላክቲክ ደግሞ 3 አካባቢ። ስቲል በጣም ስለሚገትር ሸክሙን ለራሱ ይወስዳል፤ አጥንቱ ሥራ ፈትቶ ሊሳሳ ይችላል። ፖሊመሩ ደግሞ ብቻውን ለጭንና ለቅልጥም አይሆንም። ባለ ባጃጁ፣ ይቅርታ፣ ያንተን እግር አይችልም።

ባለ ባጃጁ፦ እኔን ለማስወጣት ነው እንዴ የተሰበሰባችሁት! ሃሃ።

የላብ ልጅ፦ ግን ሲስተር፣ ያመጡት ማስረጃ የቆየ ነው። አሁን ማዕድን ይደባለቅበታል፣ ሲፈርስም ቀስ ብሎ ነው።

ሲስተር፦ ማዕድን መግባቱ ብቻ አያድንም። አሲዱን እንዲያለዝብ ካልሲየም ካርቦኔት የተደባለቀበት የጉልበት ጅማት ብሎን ነበር። ወረቀት ላይ ያማረ ነው። እብጠት አምጥቶ በ2007 ከገበያ ተነስቷል። ላብራቶሪ ላይ ሴል አልገደለም ማለት እግር ውስጥ ሰላም ነው ማለት አይደለም። አዲሱን ብሎን ብቻ ሳይሆን ስብርባሪውንም መፈተን ያስፈልጋል።

የአጎትየው ነገር ደግሞ አናደደኝ። ብረት አውቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት ማጽጃ ውስጥ በ121 ወይም በ134 ዲግሪ ይጸዳል። ሳጥኑ ሙሉ ይቀርባል፣ ሰርጅኑ ልኩን ይመርጣል፣ የተረፈው ለሌላው ይውላል። ፖሊላክቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ አውቶክሌቭ ከገባ በቃ። እርጥበትም ጠላቱ ነው፤ እሽጉ ከተቀደደ አይሆንም። በሻንጣ የሚመጣውን ብሎን ልክ ማን ለካ? በምን መሣሪያ ሊገባ ነው? ሲጠበቅ እጅ ላይ ቢሰበርስ? የሕክምና መሣሪያ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት የሚለው ሕግ ለዚህ ነው።

የላብ ልጅ፦ በዚህ ሂሳብ አዲስ ነገር መቼም አይገባም። ሁልጊዜ ክትትል የለም፣ ማቀዝቀዣ የለም እየተባለ ብረት ላይ ልንቀር ነው?

ሲስተር፦ አይግባ አላልኩም። ጥቁር አንበሳንና አቤት ሆስፒታልን በመሰለ፣ ሰርጅን ባለበት ቦታ ይጀመር። ለልጆች የፊት አጥንትና ለትንንሽ ስብራት ይሁን። ቤተሰቡ የቁሱ ስምና የገባበት ቀን የተጻፈበት ካርድ ይያዝ። ሦስተኛው ወር ላይ ስልክ ይደወልለት።

እማማ፦ ካርድ ይጠፋል ልጄ። የኔ የክትባት ካርድ እንኳ የት እንደገባ አላውቅም።

ሲስተር፦ እሱስ እውነትዎን ነው እማማ። እንግዲያው ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይም ይጻፍ።

አስተባባሪው፦ ለአጎትየው ምን ልበል?

ሲስተር፦ ብሎኑን አትላክ በሉት። ልጁ ብረቱ ይግባለት። ካልረበሸው እዚያው ሊቀር ይችላል፤ ይውጣ ከተባለም ቀኑን ሰርጅኑ ይወስናል። አጎትየው ገንዘብ ካለው የፊዚዮቴራፒውን ይክፈል።

የላብ ልጅ፦ ለዚህ ልጅ እስማማለሁ። ለመንግሥት ግዢው ግን አልተስማማሁም፤ ነገ እመለስበታለሁ።