የኮምፒውተር ኬዝ ውስጥ መብራት ሄድፎን ላይ ድምፅ ያመጣል እንዴ?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ባለፈው ወር ኬዜ ውስጥ ባለቀለም ኤልኢዲ መብራት አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ከፊት በኩል ሄድፎን ስሰካ ቀጭን "ዝዝዝ" ይሰማኛል። ቀለሙ ሲቀያየር ድምፁም ይቀያየራል። በሙሉ ድምቀት ነጭ ሳደርገው ይቀንሳል። ማታ ማታ የድምፅ ቅጂ ስለማስተካክል በጣም አስጨንቆኛል። ሌላውንም ዕቃ ይጎዳብኝ ይሆን?

መልስ 1፦
አይጎዳም፣ አትስጋ። ኤልኢዲ የሚደበዝዘው በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው፤ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ። ያ ምት ጆሮ በሚሰማው ክልል ውስጥ ነው። ከፊት የሄድፎን መሰኪያ በኬዙ ውስጥ የሚሄደው ገመድ ከመብራቱ ገመድ ጋር ተጣብቆ ከሄደ ምቱን ይወስደዋል። ለያያቸው። ሄድፎኑን ከኋላ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይም ሰክተህ ሞክር።

መልስ 2፦
ስትነቅል ስትሰካ ግን አደራ! ባለ 3 ፒኑ (የመሰኪያ እግር) መብራት 5 ቮልት ነው፣ ባለ 4 ፒኑ 12 ቮልት። የ5ቱን 12 ላይ ከሰካኸው ይቃጠላል። የእኔ እንደዚያ ሄዷል። ገመድ አልባ ማውስህ ከዘለለ ደግሞ መጀመሪያ ዩኤስቢ 3ን ጠርጥር፤ ማውሱ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይረብሻል። የማውሱን መቀበያ በማስረዘሚያ አርቃት።

ጠያቂው፦
ስከፍተው ሁለቱ ገመዶች በአንድ ማሰሪያ ታስረዋል። የድምፁን በሌላ በኩል አዞርኩት፣ በጣም ቀነሰ። ከኋላ ስሰካማ ጭራሽ የለም። ተባረኩ!