«አንትዋን»፣ «አንቶይን» ወይስ «አንቷን»? ስለ አንድ የፈረንሳይ ስም አጻጻፍ

ጥያቄ (ከመጽሐፍ አርታኢ)

የተከበራችሁ አባላት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ የሳይንቲስቶች የሕይወት ታሪክ ከፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ለእርማት ቀርቦልኛል። ያስቸገረኝ አንድ ስም ነው። ተርጓሚው በመጀመሪያው ምዕራፍ «አንትዋን»፣ በሦስተኛው «አንቶይን»፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «አንቶኒ» ብሎታል፤ በዋናው መጽሐፍ ግን በሁሉም ቦታ ያው አንድ ስም ነው።

ይበልጥ የከበደኝ ስለ ኬሚስትሪ ስያሜዎች የሚናገረው ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 የኬሚካሎችን አጠራር ሥርዓት ያስያዘውን መጽሐፍ በጋራ ካሳተሙት አራት ሰዎች መካከል ላቮይዘርና ፎርክሮይ ይህንኑ ስም ሲጋሩ፣ የቀሩት ሁለቱ፣ ጊቶን ደ ሞርቮና ቤርቶሌ፣ ደግሞ «ሉዊ» የሚለውን ይጋራሉ። በእኛ ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ስለሆነ ተርጓሚው የቤተሰቡን ስም እየተወ «አንትዋን እንዲህ ሲል ጻፈ» እያለ ቀጥሏል፤ የትኛው እንደጻፈ ለማወቅ ሦስት ገጽ ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ።

በዚህ ላይ አባቴ ረቂቁን አይተው «ይህ እኮ የአባ እንጦንስ ስም ነው፤ ለምን እንደዚያው አይጻፍም?» አሉኝ። እውነት አንድ ስም ነው? ከሆነስ በየትኛው ልጻፈው?

መልስ 1 (ከፈረንሳይኛ መምህር)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አጻጻፉ ያለኝን ልንገርዎ። በፈረንሳይኛ «ኦ»ን እና «ኢ»ን የሚወክሉት ሁለት ፊደላት ጎን ለጎን ሲቆሙ «ዋ» ተብለው ይነበባሉ። ለዚህ ድምፅ የእኛ ፊደል ከላቲኑ የተሻለ መልስ አለው፤ «ትዋ» ብለን በሁለት ፊደል ከመጻፍ «ቷ» የምትለው አንዲት ፊደል ትበቃለችና «አንቷን» ብዬ እጽፈዋለሁ። ተማሪዎቼን «አንተ» የሚለውን ቃል ሳስተምር «ቷ»፣ «እኔ»ን «ሟ»፣ «ንጉሥ»ን «ሯ» ብዬ በፊደላችን ስጽፍላቸው አፋቸው ወዲያውኑ ይፈታል። እርስዎ የጠቀሷቸው ሰዎች የቤተሰብ ስምም ይህንኑ ድምፅ የያዘ ነው፤ በፈረንሳይኛው አነባበብ አንደኛው «ላቯዚዬ»፣ ሌላው «ፉርክሯ» ነው።

«አንቶይን» የላቲኑን ፊደል በዓይን ብቻ ከማየት የመጣ ንባብ ነው፤ «አንቶኒ» ደግሞ የእንግሊዝ ስም ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ን» ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የመጀመሪያው ግን ከአናባቢው ጋር ተዋሕዶ በአፍንጫ የሚወጣ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ በአማርኛ ስለሌለን «አን» ብሎ ማለፉ በቂ ነው። የሴቷ ስም ከዚሁ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1755 በቪየና ማሪያ አንቶኒያ ተብላ የተወለደችው የኦስትሪያ ልዕልት ፈረንሳይ ስትገባ ማሪ አንቷኔት ተባለች።

ሰዎቹን ለመለየት ፈረንሳዮች ራሳቸው የሚያደርጉትን ያድርጉ። በዚያ ዘመን አንድ ልጅ ሁለትና ሦስት ስም ይሰጠው ነበርና ኬሚስቶቹ አንቷን-ሎራን ላቯዚዬ እና አንቷን-ፍራንሷ ፉርክሯ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ በሁለተኛው ስሙ ነው የሚታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ቤክሬል በመዝገብ አንቷን-ኦንሪ ሲሆን ዓለም የሚያውቀው ኦንሪ ብሎ ነው፤ አያቱም አንቷን-ሴዛር የሚባሉ ፊዚሲስት ነበሩ። ስለዚህ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ሙሉ ስማቸውን አስፍረው ከዚያ በኋላ በቤተሰብ ስማቸው ብቻ ይጥሯቸው።

መልስ 2 (ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ተማሪ)

አባትዎ ትክክል ናቸው። የስሙ መነሻ አንቶኒዩስ የሚለው የጥንት ሮማውያን የቤተሰብ ስም ነው፤ በክርስቲያኑ ዓለም እንዲስፋፋ ያደረጉት ግን በ3ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖሩት የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ ናቸው። እኛ ጥር 22 ቀን እናስባቸዋለን። ገድላቸውን የጻፈው ለሀገራችን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ጽሑፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ምዕራቡን ዓለም አዳርሷል።

ስሙ በፈረንሳይ ምድር ሥር የሰደደበት ምክንያት ግን ሌላም አለው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የቅዱሱ ዐፅም ነው ተብሎ የሚታመነው ወደ ዶፊኔ ግዛት ከገባ በኋላ በስማቸው የሕሙማን አገልጋዮች ማኅበር ተቋቋመ። ሕሙማኑ አብዛኞቹ «የቅዱስ አንቷን እሳት» በሚባል ደዌ የተያዙ ነበሩ፤ ይህም እህል ላይ የሚበቅል መርዛም ፈንገስ በዳቦ ውስጥ ሲበላ የሚያመጣው ሕመም ሲሆን፣ እጅና እግርን እንደ እሳት እያቃጠለ በመጨረሻ አጥቁሮ ይቆርጣል። (በሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በወሎ፣ በ2001 ደግሞ በአርሲ ይኸው ሕመም ታይቷል።) ሕሙማኑ የሚማጸኑትን ቅዱስ ስም ሰዎች ለልጆቻቸው ቢያወጡ አያስገርምም።

ቢሆንም ላቯዚዬን «እንጦንስ» ብሎ መጻፍ አይገባም። ለቅዱሱ በግእዝ የተለመደውን፣ ለፈረንሳዮቹ እናቶቻቸው የጠሯቸውን ስም እንጠብቅ።

መልስ 3 (ከታሪክ አንባቢ)

በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። የስምን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ መጻፍ አይበጅም። ይህን የተማርኩት ስለ ሀገራችን ከጻፉት ሁለት ወንድማማቾች ነው። ታላቅየው አንቷን ዳባዲ፣ ታናሹ አርኖ ዳባዲ ይባላሉ፤ የሁለቱም ስም በላቲኑም በእኛም ፊደል በ«አ» ይጀምራል። «አ. ዳባዲ እንደጻፈው» የሚል የግርጌ ማስታወሻ አጋጥሞኝ አንድ ሙሉ ከሰዓት የተሳሳተውን ሰው ሥራ ሳገላብጥ ዋልኩ። እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ የደረሱት እነዚህ ወንድማማቾች ለየራሳቸው ጽፈዋል፤ የጉዞ ትዝታውን በ1868 ያሳተመው አርኖ ሲሆን፣ የብራና መጻሕፍቱን ዝርዝር በ1859፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1881 ያወጣው አንቷን ነው። በስፔን ድንበር አጠገብ በአንዳይ ያሠራው ቤተ መንግሥት መሰል ቤትም የአማርኛ ጽሑፎች አሉበት። አንዱን በሌላው መተካት ለቋንቋችን የደከመን ሰው ድካሙን መንጠቅ ነው።

ደግሞም ተማሪዎች በትምህርት ቤት «ላቮይዘር» የሚለውን ስለለመዱ፣ መጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ «ላቯዚዬ (ላቮይዘር)» ተብሎ ቢጻፍ መልካም ነው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ከተርጓሚው ጋር ተቀምጠን በመላው መጽሐፉ «አንቷን» ለማለት ተስማምተናል፤ የአባ እንጦንስን ነገር በአንድ የግርጌ ማስታወሻ አስገብቼ ለአባቴ አነበብኩላቸው፣ ደስ አላቸው። አስቸግሮኝ የነበረው ገጽም አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «አንቷን-ሎራን ላቯዚዬ (ላቮይዘር) እና አንቷን-ፍራንሷ ፉርክሯ አብረው ሠሩ፤ ኦክስጅንን በዚህ ስም የጠራው ላቯዚዬ ነው።»