ልዩነቱን የሚያሰማኝ ቅጂው ነው ወይስ ዕቃዬ?

በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ ሬት (በሰከንድ 96 ሺህ የድምፅ ናሙና) የተቀዳ የማሲንቆ ጨዋታ አለኝ። ወደ 44.1 ሲወርድ በጆሮ ይለይ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሌሎቹን የአዝማሪ ቅጂዎቼን በየትኛው እንደማስቀምጥ የሚወስንልኝ ይህ ነው።

ሶክስ በተባለ የድምፅ መቀየሪያ ፕሮግራም አወረድኩትና ፉባር በተባለ ማጫወቻ በኤቢኤክስ ፈተና (የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳያዩ በጆሮ ብቻ መለየት) አወዳደርኩ። ሳውንድ ካርዱ ሬት ሲቀይር ጠቅ እያለ የትኛው የቱ እንደሆነ አጋለጠብኝ። ስለዚህ የ44.1ዱን ፋይል መልሼ ወደ 96 አወጣሁት። ወደ 44.1 ሲወርድ የተቆረጠው ከ22 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ እንደተቆረጠ ይቀራል፣ ጠቅታው ግን ጠፋ። የድምፅ መጠናቸውም እኩል ነው።

አሁንም አብዛኛውን ጊዜ እለያቸዋለሁ። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ ብዙም ስለማያልፍ ጥርጣሬ ገባኝ። ኦዳሲቲ በተባለ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም የ30 እና የ33 ኪሎኸርዝ ቶን ሠርቼ አንድ ላይ ሳጫውት ቀጭን ፉጨት ይሰማኛል። ለየብቻ ሲሆኑ ምንም የለም። የሁለቱ ልዩነት 3 ኪሎኸርዝ ነው፤ ከዕቃዎቼ አንዱ ይህን ድምፅ ራሱ እየፈጠረው መሰለኝ።

ድምፁ ከላፕቶፕ ወደ ሳውንድ ካርድ፣ ከዚያ ወደ ሄድፎን አምፕ (ማጉያ) እና ወደ ሄድፎን ይሄዳል። የመለኪያ ማይክ የለኝም፤ ያለኝ ኬብልና የሳውንድ ካርዱ መግቢያ ብቻ ነው። በዚህ ብቻ ፉጨቱን የሚፈጥረው የትኛው ዕቃ እንደሆነ እንዴት ልለይ?