ለተራራ ሳይክል የፊት አሞርዛተር የሚሆን ዘይት ባሕር ዳር ላይ ምን አለ?

ጤና ይስጥልኝ። የተራራ ሳይክሌ በአየር ግፊት የሚሠራ የፊት አሞርዛተር ያለው ሲሆን፣ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ስወርድ ትንንሽ ጠጠር ላይ ከነጭራሹ ስለማይሰምጥ መሪው እጄን ክፉኛ ይመታኛል። የአቧራ መከላከያ ጎሚኒውን ቀስ አድርጌ ገልጬ ሳየው ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ደርቆና አፈር ይዞ አገኘሁት፤ በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ግን ጥፍሬን ሳሳልፍበት ምንም ጭረት የለም፤ ይህም ተስፋ ሰጥቶኛል።

አንዳንድ አምራቾች የአሞርዛተሩ የታችኛው እግር (ዘንጉ የሚገባበት ቱቦ) በየ50 ሰዓት አገልግሎት ተከፍቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲቀየር ያሳስባሉ። አየሩን አስተንፍሶ፣ የታችኞቹን ቡሎኖች ፈትቶ ማውጣቱን አውቀዋለሁ፤ የቸገረኝ ዘይቱ ነው። ይህን ያህል ሳይክል በሚነዳበት ከተማ ጥገና ቤቶች የሚያቀርቡልኝ የሰንሰለት ዘይትና ተራ ግራሶ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ግራሶው ደግሞ ጎሚኒውን እንዳያበላሸው እፈራለሁ።

ለሞተር ሳይክል የፊት አሞርዛተር የሚሸጠውን ዘይት ብጠቀም ጉዳት ይኖረው ይሆን? የማይጎዳ ከሆነስ ውፍረቱ ምን ያህል ይሁን፣ በእያንዳንዱ እግርስ ስንት ሚሊ ሊትር ልጨምር? የሞከራችሁት ወንድሞችና እህቶች፣ ክረምቱ ሳይገባ ብትመልሱልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።