ሰብሲኩዌንሱ ኮንቨርጅ ካደረገ ሲኩዌንሱ ለምን አያደርግም?

የአዌቱ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ጅማ ነኝ፣ ከነገ ወዲያ ሚድ አለብን እና ይሄ ሰብሲኩዌንስ የሚሉት ነገር (ከሲኩዌንስ፣ ማለትም ከቁጥሮች ተርታ፣ አንዳንዱን ብቻ በቅደም ተከተሉ እየመረጡ የሚወስዱት) ጭንቅላቴን አዞረው። 1፣ -1፣ 1፣ -1 እያለ የሚቀያየረው ዳይቨርጅ ያደርጋል (ኮንቨርጅ አያደርግም፣ ወደ አንድ ቁጥር እየተጠጋ አይሄድም) ተባልን፣ ግን አንዱን እየዘለልኩ ስወስድ 1፣ 1፣ 1 ብቻ ነው የሚመጣው፣ ታዲያ ወደ 1 ሄደ አይባልም እንዴ?

ቡና ያለ ስኳር፦
ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ የሚመላለስ ባጃጅ አስብ። መርካቶ በደረሰ ቁጥር ብቻ ፎቶ ብታነሳው ስልክህ ላይ ሁሌ መርካቶ ነው ያለው፣ ቆሟል ማለት ነው? ሲኩዌንሱ ወደ አንድ ሊሚት (እየተጠጋ ወደሚሄድበት ቁጥር) ከሄደ ሁሉም ሰብሲኩዌንስ ወደዛው ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አንዱ ወደ 1 ሌላው ወደ -1 ከሄደ አለቀ፣ ዳይቨርጅ ብለህ ጻፍ። ደሞ ስትመርጥ መዝለል ይቻላል ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም፣ እኔ ነጥብ የጣልኩት እዛ ጋ ነው 😅

የአዌቱ ልጅ፦
እሺ ኢቭን ቦታ (2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ) ያሉትም ኦድ ቦታ (1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ) ያሉትም ወደ አንድ ቁጥር ቢሄዱስ?

ኢፕሲሎን፦
ያኔማ ሲኩዌንሱም ይሄዳል፣ ሁለቱ ተደምረው ሁሉንም ቦታ ይሸፍናሉ፣ ለተሰጠህ ኢፕሲሎን (ከሊሚቱ የሚፈቀደው ትንሽ ርቀት) ሁለቱም ከየት ጀምሮ እዛ ርቀት ውስጥ እንደሚቆዩ አይተህ ትልቁን መውሰድ ነው። ኢቭን እና የ3 ብዜት ብቻ ቢሆን ግን አይበቃም፣ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ እያለ የሚቀረው እንደፈለገ ይሆናላ። ቦልዛኖ ዋየርሽትራስ የሚባለው ቲዎረምም ሲኩዌንሱ ባውንድድ (ከሁለት ቁጥሮች መሀል የማይወጣ) ከሆነ ኮንቨርጅ የሚያደርግ ሰብሲኩዌንስ አለው ነው የሚለው፣ ራሱ ሲኩዌንሱ ያደርጋል አላለም።

የአዌቱ ልጅ፦
ባጃጁ ገባኝ 😂 ቡና አለብኝ